ያልተነሣው ፈረስ

ቅዳሜ ጠዋት ዲንቄ ለቆሎ ያሰናዳችው ገብስ ጎደለባትና ስትፈልግ ልጇ ዳርቱ በፌስታል ቋጥራ ሹራቧ ሥር ሸጉጣው አገኘቻት። የት ልትወስጂው ነው ብትላት ልጅቷ አላፈረችም። «ለቦራ ነው። ዛሬ ፊልም ቤቱ ጋ ይመጣል አይደል?» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዲንቄ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን በእርጥብ ጨርቅ ወደሚጠርገው ባሏ ወደ ፈዬራ ዞራ አየችው። እሱ ቀና አላለም፤ የጠራውን ጫማ እንደገና መጥረግ ጀመረ። ቦራ የሚሉት ፈረሳቸው ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል። ይህን ከቤቱ ሰው የማታውቀው ዳርቱ ብቻ ነበረች።

ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ አስፋልቱም ኮብልስቶኑም ካለቀበት በላይ ነው። የዲንቄ እናት ትተውላት ያለፉት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አላቸው፤ ከክፍሉ ጎን ደግሞ የቦራ ጋጣ የነበረች ጠባብ ቤት አለች። ጋጣዋን ዲንቄ ክረምቱ ሳይገባ ጠርጋ፣ ወለሏን በሲሚንቶ አስለስና፣ ግድግዳዋ ላይ ጋዜጣ ለጥፋ ለአንዲት የኮሌጅ ተማሪ በወር በሦስት ሺህ ብር አከራይታታለች። ዳርቱ ያኔ አልቅሳ ነበር። ቦራ ሲመለስ የት ሊያድር ነው? «ሲመጣ ልጅቷ ትወጣለች» ብሎ አባቷ አባበላት። ተማሪዋ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቤቱ ፈረስ ፈረስ ይለኛል እያለች ታማርራለች። ዳርቱ ግን ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ አንዳንዴም ተማሪዋ በሌለችበት አፍንጫዋን የበሩ ስንጥቅ ላይ አስጠግታ ትቆማለች፤ እናቷ እስክትጠራት አትነቃነቅም።

ፈዬራ የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የአያት ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ከዚያ ቤት ተነድታ ወደ እንጦጦ የመጣችው አንዲት ባዝራ ብቻ ናት፣ የቦራ እናት። ቦራ ዳማ ፈረስ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ነው ቦራ ያሉት። ፈዬራ በእሱ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው እያፈናጠጠ፣ ለአንድ ዙር መቶ ብር እየተቀበለ ቤቱን አስተዳድሯል። ዳርቱ ጀርባው ላይ የተቀመጠችው እግሯ ሳይጠና ነው። ባለፈው ሚያዝያ ፊልም ሠሪዎች መጡ። የቤተሰብ ፊልም ነው አሉ፤ የአንዲት ልጅና የፈረሷ ጀብዱ። ዋናዋ ተዋናይ ማዕዶት የምትባል የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ነበረች፣ የዳርቱ እኩያ፣ ሳቂታና ጨዋ፤ ግን ፈረሱ ባሸተታት ቁጥር ታለቅሳለች። ስለዚህ ግልቢያ ባለበት ቦታ ሁሉ የማዕዶትን ቀይ ሹራብ ዳርቱን አለበሱና ከኋላዋ ቀረጿት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ዳርቱ ከትምህርት ቤት ሮጣ እየመጣች፣ ደብተሯን ድንጋይ ላይ ወርውራ ሹራቡን ታጠልቅ ነበር።

ያን ቅዳሜ አባትና ልጅ ለፊልሙ ምርቃት ሲወጡ ዲንቄ ባሏን በአጥሩ ጥግ ያዘችው። ለእሷም ትኬት ተልኮላት ነበር፤ ልቅሶ ቤት አለብኝ ብላ ቀርታለች። ልቅሶ ቤት ግን አልነበረባትም።

«ሳትነግራት ይዘሃት እንዳትገባ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«መንገድ ላይ እነግራታለሁ።»

«እስኪ ማልልኝ።»

«እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ!»

ዲንቄ የምታውቀው ግማሹን ነው። ቦራ ቀረጻ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ፤ ይህን ታውቃለች። ሌላውን ግማሽ ፈዬራ ለማንም አልተናገረም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዳርቱ ከፊቱ እየዘለለች ትሄዳለች። ፈዬራ የባሕር ዛፉ ጥላ ያለበት ቦታ ስንደርስ እነግራታለሁ አለ በልቡ፤ ደረሱ፣ አለፉ። የውኃ ቦኖው ጋ እነግራታለሁ አለ፤ እዚያ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ነበርና አንዷ «ዳርቱ፣ የፊልም አክተሯ!» ብላ ስትጮህ ሁሉም ሳቁ፤ ልጅቷም በደስታ አንገቷን ሰበረች። ከቦኖው በታች «ዳርቱኮ» ብሎ አቆላምጦ ጀመረ። እሷ ቀደመችው። ይህ የፊት ጥርሴ ያኔ ወልቆ ነበር፣ አሁን በቅሏል፤ ቦራ ሲያየኝ ይለየኛል ወይ ብላ ጠየቀችው። «ፈረስ በጥርስ አይደለም ሰው የሚለየው» አላት። በምንድን ነው ስትለው በጠረን ነው አላት፣ በድምፅም ነው። ድምፅ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እርምጃውን አፈጠነ። የቀረውን መንገድ እሷ ብቻዋን አወራች።

ሾላ ገበያ ሲደርሱ ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፊልሙ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሳል፤ ተራ አስከባሪዎች ይጮሃሉ፤ ሰው በሰው ላይ ይተላለፋል። አንድ ጥግ ላይ ያለች ሻይ ቤት አስገባትና ሁለት ሻይ በዳቦ አዘዘ። ሆን ብሎ ነው ያስገባት። ሰው በበዛበት ቦታ ቢነግራት ጮኻ አታለቅስም ብሎ ነበር ያሰበው፤ ይህን በማሰቡም አፈረ። ዳርቱ ዳቦዋን ቆርሳ ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላለች። እንደ እናቷ ነው የምትበላው፣ ፍርፋሪውን በጣቷ ለቅማ።

«ቦራ» አላት በመጨረሻ፣ «ቦራ እኮ አርጅቷል፣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አላረጀም። አሥር ዓመቱ ነው። ፈረስ ሃያ አምስት ዓመት ይኖራል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እንደ አያያዙ ነው።»

«እኛ ደግሞ በደንብ ነው የያዝነው» አለችና ሳቀች።

ስልኩ ጮኸ። ሔራን ነበረች፣ የፊልሙ አስተባባሪ። «ጋሽ ፈዬራ፣ የት ደረሳችሁ? ቀደም ብላችሁ ብትመጡ አሪፍ ነው፣ ፎቶ አለ» አለችው። ፈዬራ ደረስን፣ መጣን ብሎ ብድግ አለ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። ታክሲ ሲሳፈሩ ደረቱ ቀለል ብሎት ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ እንደ ቀረለት ሰው። የመገናኛ ሰልፍና ጩኸት የቀረውን ጊዜ በላው።

ፊልም ቤቱ መገናኛ አንድ ትልቅ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ያለው ፈታሽ የዳርቱን ፌስታል ከፍቶ ጣቱን ገብሱ ውስጥ ከተተ። ምን ሊያደርግልሽ ነው አላት። «ለፈረሴ ነው» አለችው። ሰውየው ወደ ፈዬራ አየ፣ ቀልድ እንደሆነ ሊገባው ፈልጎ፤ ፈዬራ ፊቱን አዞረ። «እህል ይዞ መግባት ክልክል ነው የኔ ልጅ» አለና ከጠረጴዛው ሥር ካለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገለበጠው። ዳርቱ ቅርጫቱን አይታ አባቷን አየች። እሱ እጇን ይዞ ወደ ሊፍቱ ሄደ።

ላይ ሔራን አቅፋ ሳመቻት። ወዛም ቆንጆ ልጅ ናት፤ ስትናገር ሁልጊዜ እንደ ቸኮለች ነው። «ዳርቱዬ! ኦ ማይ ጋድ፣ እንዴት አድገሻል!» አለች። ዳርቱ ዓይኗን ግራና ቀኝ ሰዳ ቦራ የት ነው አለቻት። የሔራን ፈገግታ ደርቆ ቀረ። «ቦራማ ዛሬ ስክሪኑ ላይ ነው የምታዪው የኔ ቆንጆ» አለችና ፈዬራን በክንዱ ወደ መስኮቱ ሳበችው።

«አልነገሯትም እንዴ?»

«አልነገርኳትም።»

«እሺ ዛሬ ባይነግሯት ይሻላል፣ ፕሊስ ጋሽ ፈዬራ። ጋዜጠኞች አሉ፣ ልጆች ናቸው የሚያዩት። ነአምንም ጨንቆታል።» ነአምን ዳይሬክተሩ ነው። ባሻገር ቆሞ ከሰዎች ጋር እየሳቀ ነበር፤ ከፈዬራ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በጥልቅ እጅ ነሣ።

አዳራሹ በቤተሰብ ተሞልቶ ነበር። ፈንዲሻው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ወንበሩ ከዳርቱ አልጋ ይለሰልሳል። መብራቱ ጠፋና እንጦጦ መጣች፣ እነሱ የሚያውቋት እንጦጦ፣ ግን የበለጠ አረንጓዴ፣ የበለጠ ንጹሕ። ከጉም ውስጥ ቦራ ብቅ አለ። ዳርቱ የአባቷን ጉልበት ጨበጠች። ፊልሙ ውስጥ ስሙ ንጉሥ ነው፤ ልጅቷም ኪያ ትባላለች፤ አያቷን ልትጠይቅ የመጣች የከተማ ልጅ። ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ በጀርባዋ ታይታ በተራራው ጫፍ እየጋለበች አለፈች፤ ወዲያው የማዕዶት ፊት ፀጉሯ በነፋስ እየተበተነ ሳቀ። «እኔ ነኝ! አባ፣ ያቺ እኔ ነኝ!» አለች ዳርቱ። ከጎኗ ያለች ሴትዮ «እሽሽ!» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ያቺው ጀርባ እንደገና መጣች። አሁን ዳርቱ በጣቷ ብቻ አሳየችው። ፊቷ አንድም ቦታ አልመጣም። እሷ ግን የምትጠብቀው ፊቷን አልነበረም፤ ዓይኗ ከፈረሱ ላይ አልተነቀለም።

ሌቦች ፈረሱን ሰርቀው ሲሄዱ ፈዬራ ምን እንደሚመጣ አወቀ። ሜዳዋን አወቃት፤ ከታች የድንጋይ ካብ ያለባት፣ ዘንበል ያለች ሜዳ። ነገሩ የሆነው ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ሣሩ ርሷል። በዚያ ቀን ዳርቱን ትምህርት ቤት ትዋል፣ ቀረጻ የለም ብሎ ያስቀራት እሱ ነው። ነአምን ቀጭን ገመድ ሣሩ ውስጥ አሳየውና ፈረሱ ይንበረከካል እንጂ አይጎዳም፣ መሬቱ ለስላሳ ነው አለው። ችግሩ ቦራ ለሌላ ሰው አልሮጥ ማለቱ ነበር። ሁለት ጊዜ ነድተውት ሁለቴም ገመዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ጋሽ ፈዬራ፣ እርስዎ ቢጠሩት ይመጣል» አለው ነአምን። ፈዬራ ፈረስ እንዲህ አይወድቅም ማለት ነበረበት። ምላሱ ላይ ነበር። ግን ስልሳ ሰው ቆሞ እሱን ያያል። ስምንት ዓመት ሙሉ «አንተ ባለፈረስ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ሦስት ሳምንት ጋሽ ተብሎ፣ የሚታጠፍ ወንበር ተዘርግቶለት፣ የታሸገ ውኃ በእጁ ተሰጥቶታል። ያን ሁሉ ሰው አስቁሞ እምቢ የሚል እሱ መሆን ከበደው። ከገመዱ ወዲያ ማዶ ሄዶ ቆመ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ አደረገ።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃው በርትቶ፣ ነፋሱ እያፏጨ፣ በመሐል ያ ፉጨት መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ማን ረስቶ እንደተወው እንጃ። በዓለም ላይ በዚያ ፉጨት ቦራን የሚጠራው አንድ ሰው ነው፤ የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ናቸው፣ ፈረሱን ሲጨምሩ ሦስት። ቦራ ጆሮውን ቀስሮ ዞረ፤ አየ፤ ጋማው ተነሥቶ፣ ሰውነቱን ሁሉ ለቅቆ፣ ወደሚወደው ሰው እንደሚሮጥ ሆኖ እየጋለበ መጣ። ከዚያ የፊት እግሮቹ ከሥሩ ጠፉ። ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። ዳርቱ አልጮኸችም። እጇን ብቻ ከአባቷ ጉልበት ላይ አነሣች።

ኪያ እያለቀሰች ወርዳ የፈረሱን አንገት አቀፈች። «ተነሥ ንጉሥ፣ ለእኔ ስትል ተነሥ» አለች። ሙዚቃው ቀስ እያለ ከፍ አለ። ፈረሱም ተነሣ፤ ገላውን አራገፈ፤ አሽካካ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሕፃናት ወንበር ላይ ቆሙ። ቦራ ውርንጭላ ሳለ ውሻ ነክሶት የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። የተነሣው ፈረስ ሁለቱም ጆሮው ሙሉ ነው፤ ግንባሩ ላይ ያለውም ነጭ ጠርዙ ቀለም እንደሆነ ያስታውቃል፣ ላወቀበት።

«እሱ አይደለም» አለች ዳርቱ። ለአባቷ አልነበረም የተናገረችው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ «አንተ ነህ የጠራኸው?» አለችው።

ፈዬራ ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ ጉልበቱ አወረደ። ዳርቱ ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ፊልሙ አልቆ የስም ዝርዝር ሲወርድ ቁጭ ብላ አየችው። አራተኛ ክፍል ናት፤ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ልማዷ ነው። ስሟ ሳይመጣ ዝርዝሩ አለቀና አንድ መስመር ብቻ ቀረ። እሷም በዚያው ልማዷ፣ ቃሉን እየነጠለች፣ «በዚህ፣ ፊልም፣ ሥራ፣ ምንም፣ እንስሳ፣ አልተጎዳም» ብላ አነበበችው።

መብራት ሲበራ ሁሉንም መድረክ ላይ አወጧቸው። ማዕዶት ሮጣ መጥታ ዳርቱን አቀፈቻት፤ ከልቧ ነበር፤ ናፍቃታለች። ነአምን ሲናገር ላቡን ይጠርጋል፤ ለባለፈረሱ ለጋሽ ፈዬራ ልዩ ምስጋና አቅርቦ አበባ ሰጠው። ከፊት ወንበር አንድ ሕፃን ተነሥቶ፣ «ፈረሱ አሁን የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። መድረክ መሪዋ ደስ ብሏት ማይኩን ወደ ዳርቱ አዞረች። «እስኪ ባለፈረሷ ትንገረን! ፈረሱ የት ነው ያለው?»

ነአምን መሬት መሬት አየ። ሔራን ከመጋረጃው ጎን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፈዬራ አበባውን እንደያዘ፣ ትናገር፣ ትናገርና ይለቅልኝ አለ በልቡ። ዳርቱ ቀና ብላ አየችው፤ ረዘም አድርጋ፣ መንገድ የሚሻገር ሰው መኪናውን እንደሚያይ። ከዚያ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሱሉልታ ነው» አለች። «ጥሩ ሣር አለ እዚያ። ሐኪምም አለ።»

«ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው» አለች።

ቃል በቃል እሱ ለሰባት ወር ሲነግራት የኖረው ነበር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ከመገናኛ እስከ ሾላ፣ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ በታክሲ ውስጥ ዳርቱ በመስኮቱ ስታይ መጣች። ዳገቱን ሲጀምሩ ፈዬራ ተናገረ። ሁሉንም። ገመዱን፣ ርጥቡን ሣር፣ የቆመውን ስልሳ ሰው፣ ፊልም ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ እሱ ቦራ አጠገብ እንደቀረ፣ በማግስቱም ነፍሱ ስትወጣ ራሱን ጭኑ ላይ ይዞለት እንደነበረ። እያለቀሰ ነበር የተናገረው፤ ልጁ ፊት አልቅሶ አያውቅም። ዳርቱ ከፊቱ እኩል እርምጃ እየሄደች ሰማችው፤ አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም፣ አልዞረችም። ሲጨርስ «እሺ» አለች። ብትሰድበው፣ ድንጋይ ብትወረውርበት ይሻለው ነበር። እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያደርግ ሲል ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ አለች። የታሰረ ነበር።

ዲንቄ በር ላይ ጠበቀቻቸው። የባሏን ቀይ ዓይን አይታ ነገራት ማለት ነው ብላ ተረጋጋች። እንዴት ነበር ብላ ስትጠይቅ ዳርቱ «ጥሩ ነበር፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ» ብላ ሹራቧን አወለቀች፤ አጠፈችው፤ እጇን ታጥባ እናቷን ማገዝ ጀመረች። ፈዬራ መግባት አቃተውና ውጪ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገባች። የእንጦጦ ብርድ ከሸለቆው መነሣት ጀመረ፤ ታች ከተማው መብራቱን አንድ ባንድ አበራ። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ዳርቱ በሩ ላይ መጥታ ቆመች፤ እጆቿን ፊት ለፊቷ አጣምራ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ።

«አባ፣ ብርድ ነው፤ ይግቡ» አለችው። «እራት ቀርቦልዎታል።»

ዲንቄ ከውስጥ ሳቀች። «አንድ ቀን ከሀብታም ልጆች ጋር ውላ አባቷን አንቱ ማለት ተምራ መጣችልኝ!» አለች።

ዳርቱ አልሳቀችም። አባቷ እስኪያልፍ መንገድ ለቃ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ጠበቀችው። ፈዬራ ተነሣ። እንደ እንግዳ ጎንበስ ብሎ፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሏት ገባ።